ጂም አልቀርም፣ ጸሎት ግን አምስት ደቂቃ አይሞላልኝም

ለዚህ እትም አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። ደብዳቤዎቹ ከተለያየ ሰው፣ በተለያየ ጊዜ የመጡ ናቸው። ሳነባቸው ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ተገናኙብኝ፤ ሰውነትና ነፍስ እኩል እየተጎተቱ። ስለዚህ ለየብቻ ከማስተናግዳቸው አብረው ቢወጡ ይሻላል ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ጌታ ይባርክዎት። ዕድሜዬ 27 ነው። ጂም ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ሥራ ቢደራረብም፣ ቢደክመኝም በሳምንት አራት ቀን አልቀርም። የምበላውን እመርጣለሁ፣ የማነሳውን ኪሎ በደብተር እይዛለሁ። ጸሎት ላይ ስደርስ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሐሳቤ ይበተናል። መጽሐፍ ቅዱስ ስከፍት እንቅልፌ ይመጣል። አንድ ጓደኛዬ «ጳውሎስ ሰውነትን ማስለመድ ለጥቂት ይጠቅማል ብሏል፣ ጂምህ ጣዖት ሆኖብሃል፣ ተወው» አለኝ። እውነቱን ይሆን? ብተወው ጸሎቴ ይስተካከላል?
ጡንቻው የፈረጠመ፣ መንፈሱ የከሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፊርማህ አሳቀኝ። ደግሞም አሳዘነኝ።

አትተወው። ጂሙን ብታቆም የምታተርፈው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ በራሱ ተነስቶ ወደ ጸሎት አይሄድም። ወዴት እንደሚሄድ አንተም እኔም እናውቃለን። ወደ ስልክ።

ጓደኛህ የጠቀሰልህ 1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥8 ነው። ክፋት የለውም፣ ግን ግማሹን ነው የነገረህ። ጳውሎስ «ለጥቂት ይጠቅማል» አለ እንጂ «አይጠቅምም» አላለም። በግሪኩ ያ «ለጥቂት» የሚለው ሐረግ ለጥቂት ነገር ማለትም ለጥቂት ጊዜ ማለትም ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም ቢነበብ ያስኬዳል። ዋናው ነገር ግን አንድ መስመር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ቁጥር 7 ላይ «እግዚአብሔርንም ለመምሰል ራስህን አስለምድ» ይላል። እዚያ «አስለምድ» የተባለው የግሪክ ግስ ጂምናዞ ነው፤ አትሌቶች ለውድድር ሲሠለጥኑ የሚባልበት ቃል። ጂም የምንላት ቃልም ከዚሁ ሥር ነው የመጣችው። እንግዲህ ጳውሎስ ስፖርትን ሊንቅ ቢፈልግ ኖሮ ስለ ነፍስ ሲያወራ ከስፖርት ቤት ቃል ባልተበደረ ነበር። ለጢሞቴዎስ የሚለው «እነዚያ ለሥጋቸው እንደሚሠሩት አንተም ለዚህኛው ሥራ» ነው።

ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍም እንደዚሁ ነው። በከተማቸው አቅራቢያ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ ውድድር ይካሄድ ነበር፤ አሸናፊው የሚደፋለት አክሊል ከቅጠል የተጎነጎነ ነው፣ ይደርቃል። ጳውሎስ «የሚጠፋውን አክሊል» ሲላቸው በዓይናቸው ያዩትን ነገር ነው የሚነግራቸው። ለሚደርቅ ቅጠል ሰው ይህን ያህል ራሱን ከገዛ… ብሎ ነው የሚቀጥለው። ሯጮቹን አልሰደባቸውም። ቀንቶባቸዋል ብል ይቀለኛል።

እና ያንተ ጉዳይ ጂሙ አይደለም። ጂም ላይ የምታውቀውን እውቀት በር ላይ ጥለኸው ወደ ጸሎት መግባትህ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንትህን አስታውስ እስቲ። በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አቅቶህ ግድግዳ ይዘህ አልነበር? መስታወት ፊት ቆመህ ምንም ለውጥ አላየህም። ግን «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብለህ አልቀረህም። መጀመሪያ ላይ ጉልበት የሚጨምረው በአብዛኛው ጡንቻ ስላደገ አይደለም፤ ነርቭህ ያለውን ጡንቻ ማዘዝ ስለተማረ ነው። የሚታየው ነገር ቆይቶ ይመጣል። ይህን ታውቃለህ፣ አሠልጣኝህም ሳይነግርህ አይቀርም። ጸሎት ላይ ግን በሦስተኛው ቀን ውስጤ አልሞቀም ብለህ ደመደምክ። ለምን? ክንድህን ሦስት ዓመት ታግሰህ ልብህን ሁለት ሳምንት አትታገሰውም።

ደግሞ ጂም እንደገባህ ከባዱን ብረት አታነሳም፣ ታሟሙቃለህ። ጸሎት ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ውለህ፣ ስልክህ ጎንህ እየበራ፣ አልጋ ላይ ተጋድመህ «በል ጸልይ» ትለዋለህ ራስህን። እንቅልፍ ቢወስድህ ምን ይገርማል? እኔን የረዳኝ ነገር ትንሽ ነው። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። አንድ መዝሙረ ዳዊት ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ፤ ዝም ብሎ በዓይን ማንበብና ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ሰማይና ምድር ነው። ከዚያ ከመዝሙሩ አንድ መስመር ይዤ ስለዚያ ብቻ እጸልያለሁ። ሐሳቤ ሲሄድ ሳልቆጣ ወደዚያች መስመር እመለሳለሁ። አስር ጊዜ ከሄደ አስር ጊዜ። መመለሱ ራሱ ነው ሥራው፣ ክብደቱን አንድ ጊዜ ማንሳት ማለት እሱ ነው። አምስት ደቂቃህን ደግሞ አትናቃት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ አድርጋት። ማስረዘሙን በኋላ ታየዋለህ።

አንድ ጊዜ እግሬ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ቆየሁ። ጀሶው ሲፈታ ያየሁት እግር የኔ አልመስል አለኝ፤ ከሌላኛው ጋር ሳስተያየው የልጅ እግር ነው የሚመስለው። የሰጡኝ እንቅስቃሴ ደግሞ ያሳፍራል፣ ተቀምጦ እግርን ማንሳትና ማውረድ፣ በቃ። ደረጃ በሩጫ እወጣ የነበርኩ ሰው! ትዕቢቴ እምቢ ብሎኝ በሁለተኛው ሳምንት እንደ ድሮዬ ልሂድ አልኩና ጉልበቴ አብጦ ተመለስኩ። ይህን የምነግርህ በደብዳቤህ ውስጥ «ድሮ ልጅ ሆኜ አንድ ሰዓት እጸልይ ነበር» የምትል ዓረፍተ ነገር ስላየሁ ነው (ሙሉውን አላተምኩትም፣ ረዝሞ ነበር)። ከድሮው አንተ ጋር አትፎካከር። ተቀምጠህ እግር ማንሳቱን ጀምር። ደግሞ የሚያጽናናህ፣ አንድ ጊዜ የነበረ ጡንቻ ከሥራ ቢርቅም ሲመለስ ከመጀመሪያው ጊዜ ይፈጥናል። ጸሎትም ላይ ያየሁት እንደዚያው ነው።

ግን ተጠንቀቅ፤ የጂምን ምሳሌ እስከ መጨረሻው ብትከተለው ገደል ይከትሃል። ጂም ውስጥ ኪሎ ይቆጠራል። አንተ ደግሞ ደብተር የምትወድ ሰው ነህ። «ተከታታይ 40 ቀን ጸለይኩ፣ ስንት ምዕራፍ አነበብኩ» ማለት ትጀምርና ሳታውቀው የጸሎቱን ጡንቻ መስታወት ፊት ማሳየት ይመጣል። ፈሪሳዊው እኮ የሚጾመውን ቆጥሮ ያውቅ ነበር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብሎ ለእግዚአብሔር ሪፖርት ያቀርባል። ጳውሎስ ስለ ራሱና ስለ አጵሎስ ሲናገር እኔ ተከልኩ፣ እሱ አጠጣ፣ ያሳደገው ግን እግዚአብሔር ነው ይላል። መትከልና ማጠጣት ያንተ ነው። ማደጉ ያንተ አይደለም። ማርቆስ 4 ላይ ያለው ገበሬም ዘሩን ዘርቶ ይተኛል፣ ይነሳል፣ እንዴት እንደሚበቅል ራሱ አያውቅም። እኔ ይህን ምሳሌ በጣም ነው የምወደው። ሰውዬው ተኝቶ እያለ እኮ ነው ዘሩ የሚያድገው!

መለኪያ የግድ ከፈለግክ አብረውህ የሚኖሩትን ጠይቅ። ወንድምህን፣ እናትህን፣ የሥራ ባልደረባህን። «ከዓምና ዘንድሮ ቁጣዬ ቀንሷል?» በላቸው። መልሱ ላይ ጥርስህን ነክሰህ ስማ።

ጂሙ ጣዖት መሆን አለመሆኑን በሰዓቱ ብዛት አትለየውም። ታመህ ወይም እርዳታህን የሚፈልግ ሰው ኖሮ ሁለት ሳምንት ብትቀር ምን ትሆናለህ? ቅር ካለህ ጤነኛ ነህ። ከተበሳጨህና የሰውዬውን ችግር እንደ እንቅፋት ካየኸው ግን ያኔ ጓደኛህ ትንሽ እውነት አለው፣ ደውልለት።

ጥያቄ፦ በመዘምራንም በጸሎት ቡድንም አገለግላለሁ። ቀን ሥራ፣ ማታ ልምምድ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት የአዳር ጸሎት። በቀን የምተኛው ቢበዛ ለአራት ሰዓት ነው። ዓምና ደም ግፊት እንዳለብኝ ተነግሮኝ መድኃኒት ጀመርኩ። አንዲት አብራኝ የምታገለግል እህት «መድኃኒት ላይ ከተደገፍሽ እምነትሽ የት አለ?» ስላለችኝ ከሁለት ወር በፊት አቆምኩት። ምንም አይሰማኝም፣ ደህና ነኝ። ግን ልቤ አላረፈም። ምን ትላለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን እንዳነበብሽ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ነገ ሳይሆን ዛሬ። ቀሪውን መልሴን ከመጣሽ በኋላ ታነቢዋለሽ።

ደህና ነኝ ያልሽው ነገር ነው ያስፈራኝ። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። ራስ አያምም፣ አያዞርም፣ ሰው በሰላም ይውላል ይተኛል፣ ውስጥ ውስጡን ግን ልብን፣ ኩላሊትን፣ የአንጎልን የደም ሥር እየጎዳ ይቆያል። ስለዚህ «አይሰማኝም» ማለት ለግፊት መልስ አይሆንም፣ መልሱ የሚገኘው ሲለካ ብቻ ነው። ላይኛው 140 ወይም ታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈና በሌላ ቀን ሲለካም ከደገመ ሐኪሞች ከፍተኛ ይሉታል። መድኃኒቱን ለመቀጠልም፣ ለመቀየርም፣ ለመቀነስም የሚወስነው ሐኪም ነው። እኔም አይደለሁም፣ ያቺ እህትም አይደለችም።

ስለ እምነቱ ደግሞ። ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱና ደጋግሞ ስለሚነሳበት ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ ብሎ የጻፈለት ማን ነው? ጳውሎስ ነው፤ በልብሱ ቁራጭ ሕሙማን ተፈወሱ የተባለለት ሰው። እምነት ጎደለህ አላለውም። ያው ጳውሎስ ከሉቃስ ጋር ይጓዝ ነበር፣ ለቆላስይስ ሰዎች ሰላምታ ሲያቀርብም ባለ መድኃኒት ብሎ ነው የሚጠራው፤ በሙያው አላፈረበትም። የጳውሎስ የሥራ ባልደረባ አፍሮዲጡም በአገልግሎት ላይ ሳለ ታሞ ለሞት ተቃርቦ ነበር። ፊልጵስዩስ 2 ላይ ጳውሎስ አክብራችሁ ተቀበሉት ይላል። «ኃጢአቱን ይመርምር» አላለም። እንደዚህ ዓይነቱን ነገር ለታመመ ሰው የሚናገሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ክፉ አይደሉም፣ ያቺ እህትም ወዳሽ ይሆናል። ቃሉ ግን ሰው ይገድላል። በዚህ ላይ ለስላሳ መሆን አልችልም።

የእንቅልፍሽ ነገርም እንዲሁ። አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። አንቺ ግማሹን ትንሽ አልፈሽ ነው ያለሽው። 1ኛ ነገሥት 19ን ዛሬ ማታ አንብቢው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ያን ሁሉ ካደረገ በኋላ ዛፍ ሥር ወድቆ «በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰድ» ይላል። እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? ከበን እንጸልይለት ነበር፣ ወይ እንገሥጸው። እግዚአብሔር የላከለት መልአክ ግን ስብከት አልጀመረም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ለምን ተኛህ አላለውም፤ ሁለተኛ መጣና «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ከዚያ በኋላ ነው 40 ቀን የሄደው። ከዚያ በኋላ ነው ኮሬብ ላይ ያን ቀጭን ድምፅ የሰማው። ምግቡና እንቅልፉ የቀደሙበት ምክንያት ያለው ይመስለኛል።

ጌታም ሐዋርያቱ ከአገልግሎት ሲመለሱ፣ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡበት ሰዓት፣ «ጥቂት ዕረፉ» ነው ያላቸው። ሰዉ ግን አሁንም እየመጣ ነበር፣ ሥራው አላለቀም። እሱ ራሱም ማዕበል እየናጠ ጀልባ ውስጥ ትራስ ላይ ተኝቷል።

የአዳር ጸሎት መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም። ጌታም ሌሊቱን ሙሉ ጸልዮ ያውቃል። ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ በሥራ ላይ፣ በግፊት ላይ… ቡድኑን የሚመራው ሰው ሁኔታሽን ያውቃል? ንገሪው። ሁለት ወር ከአዳሩ ውጪ አድርገኝ በይው። ካኮረፈ ያኩርፍ። ጡንቻ የሚያድገው ብረቱ ሲነሳ ሳይሆን ከተነሳ በኋላ በሚያርፍበት ሰዓት ነው፤ ከላይ ያለው ወንድም ይመስክርልሽ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ስሮጥ በጆሮ ማዳመጫ ስብከት እሰማለሁ። ይህ እንደ ጥሞና ጊዜ ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ ስብከት መስማት አሪፍ ነው፣ ቀጥል። እየሮጡ መጸለይም ይቻላል፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን «ይቆጠርልኛል?» የምትለዋን ቃል ተመልከታት እስቲ። እናትህን እየሮጥክ በስልክ ብታናግራት ታናግራታለህ፤ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ብቻ ብታናግራት ግን ትጠይቅሃለች፣ «አንተ ልጅ፣ ቁጭ ብለህ የምታናግረኝ መቼ ነው?» ብላ። መኪና ሲመጣ እንድትሰማ ደግሞ አንዱን ጆሮህን ክፍት አድርግ፣ ይህኛው መንፈሳዊ ምክር አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው። ይህን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ ተንበርክኬ ነው የጸለይኩት። አሁን ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ከተንበረከክኩ መነሳት ስለማልችል ማታ ማታ እሷ ናት ከወለል የምታነሳኝ። ስኳር ስላለብኝ ሐኪሙ ጾምም ከልክሎኛል። ቁጭ ብዬ ስጸልይ እግዚአብሔርን የደፈርኩ ይመስለኛል። ሰውነቴ ሲያንስ እምነቴም አብሮ እያነሰ ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ ከሁሉ በፊት ጉልበትዎን ይሳሙልኝ።

ከላይ ለወጣቱ ሰውነትንና ነፍስን ብዙ አመሳስዬ ጽፌለታለሁ። የእርስዎ ደብዳቤ ላይ ስደርስ ግን ምሳሌው ተሰበረብኝ። ጡንቻ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ቀስ በቀስ መቀነስ ይጀምራል። የፈለገውን ያህል ቢሠሩበት ይዘገያል እንጂ አይቀርም። የዚያ ልጅ ክንድም አንድ ቀን ይቀጥናል። ጳውሎስ ግን በ2ኛ ቆሮንቶስ 4፥16 «የውጭው ሰውነታችን ቢጠፋ እንኳ የውስጡ ሰውነታችን ዕለት ዕለት ይታደሳል» ይላል። ሁለቱ በአንድ መንገድ አይሄዱም። አንዱ ሲወርድ ሌላው መውጣት ይችላል። ስለዚህ የጉልበትዎን መድከም አይተው የእምነትዎን ልክ አይገምቱ።

ስለ መቀመጡ ደግሞ፣ ዳዊት በእግዚአብሔር ፊት ተቀምጦ ጸልዮአል፣ 2ኛ ሳሙኤል 7 ላይ ነው ያለው። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ አልጋው ላይ እንዳለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጸለየ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። ቀራጩ ቆሞ ነው የጸለየው። ያዕቆብም ሲሸመግል፣ ሊሞት ሲል፣ በዘንጉ ጫፍ ተደግፎ ሰገደ ይላል ዕብራውያን 11። በዘንግ ተደግፎ! የእምነት ሰዎች በተዘረዘሩበት ምዕራፍ ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ ታሪኩ ተመርጠው ከተጻፉለት ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ድፍረት ቢሆን ኖሮ እዚያ ባልገባ።

ጾሙን በተመለከተ ሐኪሙን ይስሙት። የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ ከምግብ መራቅ ስኳሩን በድንገት ሊያወርደውና ራስ ሊያስት ይችላል። ከምግብ ሌላ የሚተዉት ነገር ካለ፣ ሐሜትም ይሁን ወሬ፣ እሱን ይጹሙልን። እርስዎ ግን የሚያሙ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቅር አይበልዎት። በዚህ ዕድሜም ሰውነት ሲንቀሳቀስ ይበረታል፤ ጠንካራ ወንበር ላይ እየተቀመጡ መነሳት ብቻውን እግርን ያጸናል። ሐኪሙ ከፈቀደ ጠዋት አምስት ጊዜ፣ ልጅቷ አጠገብዎ ቆማ። ብረት አንሱ አልልዎትም።

ለጸሐፊዋም መልእክት አለኝ። የኔ ቆንጆ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ከወለል ማንሳቱ ቀርቷል። ክንድ ማስደገፊያ ያለውን ወንበር አምጪና ሁልጊዜ የሚጸልዩበት ቦታ ላይ አድርጊው፤ ላንቺም ሌላ ወንበር አጠገባቸው።